አራስ ቤት በሰው አገር

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ደብረ ማርቆስ ነበር፤ ያረሰችኝም እናቴ ናት። ከሆስፒታል ከተመለስኩበት ሰዓት ጀምሮ ጓዳው የእናቴ፣ አጠባው የአክስቴ፣ እንግዳ መቀበሉ ደግሞ የጎረቤቶቻችን ሆነ፤ ለእኔ የቀረልኝ ማጥባትና መተኛት ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት መሐሉ ተጎድጉዶ በርበሬና ቅቤ የሞላበት ገንፎ ይቀርብልኛል፤ እሱ ሳይፈጭ አጥሚቱ ይከተላል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ የገባች ሴት ሁሉ ቡናውን አፍልታ፣ ስኒውን አለቃልቃ ትወጣለች። ሁለተኛውን ልጄን አሜሪካ ስወልድ ግን፣ ስፌቴ እንኳ ሳይጠግግ፣ በአራተኛው ቀን ለስምንት ጠያቂዎች ቡና ስቆላ ዋልኩ። እንግዶቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ሁሉም ሌላ ሰው የሚያግዘኝ መስሏቸው ነበር።

በውጭ የምንኖር የጎጃም ልጆች ገንፎውን ይዘን ሰውን ትተን የመጣን ይመስለኛል። እናቴ ከትራስጌዬ ብረት አስቀምጣ «አራስ ለብቻዋ አትተውም» ትል ነበር፤ በብረቱ ባላምንም፣ በዚያ ልማድ ምክንያት አንዲት ሰዓት እንኳ ብቻዬን ሳልቀር ሰነበትኩ። እዚህ ግን ባል ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራው ይመለስና እናትና ሕፃን በተዘጋ ቤት ይቀራሉ። ስለዚህ የሕፃኑን አልጋ ከመግዛታችሁ በፊት ሰው አዘጋጁ። የእናት ቪዛ ሊዘገይም ሊከለከልም ስለሚችል፣ እሷ ባትመጣ ማን እንደሚያርሳችሁ ገና በሰባተኛው ወር ዕወቁ። አገር ቤት ሰው ሳይጠራ ስለሚመጣ መጠየቅን አልለመድንም፤ ይሉኝታውም አለ፤ እዚህ ግን ያልተጠየቀ ሰው «አስቸግር ይሆን» ብሎ ይቀራል። በደፈናው «እርዱኝ» ከማለት ይልቅ «ማክሰኞ ትልቁን ልጅ ከትምህርት ቤት አምጪልኝ»፣ «ቅዳሜ እንጀራ ጋግሪልኝ» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ይሻላል።

አባቶችም ጓዳ መግባት ነውር በሚባልበት ቤት አድገን ነው ብላችሁ አታመካኙ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ገንፎ አጓጎለው፤ ሦስተኛው ግን፣ ከእናቴ ጋር ባይወዳደርም፣ ተበላ።

እናት ስትመጣ በረከቷ ብዙ ነው፤ አንዳንዱን ልማድ ግን ከመውለዳችሁ በፊት በአክብሮት ተነጋገሩበት። ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማላስ፣ ውሃ በስኳር ማጠጣት፣ እንገሩን አልቦ መድፋት በእኛ ዘንድ የቆየ ነው። ይሁንና ያ ወፍራም ቢጫማ የመጀመሪያ ወተት ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከልለት ስለሆነ አንዲት ጠብታው መደፋት የለበትም፤ እስከ 6 ወርም ሕፃኑ ከጡት ወተት ሌላ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። ማር ደግሞ፣ የጎጃምም ቢሆን፣ 1 ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም። ግግ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ ፈጽሞ አይሞከሩም። የማለዳ ፀሐይ ማሞቁን በተመለከተ፣ ለደብረ ማርቆስ የሚሆነው ብርዱ ለሚከብድበት አገር ስለማይሆን፣ ጡት ለሚጠባ ሕፃን ሐኪሞች በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያዛሉ። ሲተኛም በጀርባው፣ በራሱ አልጋ፣ ጋቢ ሳይደራረብበት ይሁን።

ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልደት ክብደቱ እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ገደማ ይመልሰዋል። ይህን ያላወቀች አያት «ወተትሽ አልበቃውም» እያለች አራሷን ታስጨንቃለች። የእኔ እናት ቪዛዋ ዘግይቶ ልጁ ሦስት ሳምንት ሲሆነው ደረሰች፤ ገና እንዳየችውም ከሳ ብላ ቅቤውን ከሻንጣዋ አወጣች። መከራከሩን ትቼ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ፤ ሐኪሟ የተናገረችውን ቃል በቃል ተረጎምኩላት፤ ሚዛኑንም በዓይኗ አየችው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሟን ከእኔ ይልቅ የምትጠቅሰው እሷ ሆነች፤ ቅቤውም ለገንፎዬ ዋለ።

ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ለሐኪም ይደወላል። የእናትየዋን ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ያለ ምክንያት ማልቀስ የተለመደ ነው፤ ሆድ መባሱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እሷ እንቅልፍ እምቢ ካላት ወይም ልጇን ማየት ካስጠላት ግን ሕክምና ያለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል «አራስ ናት፣ ይለቃታል» ተብሎ መተው የለበትም። ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ደግሞ አንዲት ቀንም አይጠበቅም።

ጠያቂ የመመለሱን ሥራ ባል ይያዘው። የሚያስለው ሰው እስኪድን ይቆይ፤ የገባውም እጁን ይታጠብ፤ ሕፃኑን አይሳም። ወግና ማዕረጉን የሚፈልግ ዘመድ ቢቀየም፣ ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ስለሆነ፣ ድግሱንም ቡናውንም ለዚያ አቆዩትና «ለክርስትናው እንጠብቃችኋለን» በሉት።