መልስ፦ በቪኤልሲ ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ስለሚታየው የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ

ውድ ጠያቂ፣ በቪኤልሲ ማጫወቻ በሚያዩት ፊልም ላይ የአማርኛው የግርጌ ጽሑፍ በፊደል ፋንታ ባዶ ሣጥን እንደሚሆንብዎትና ከንግግሩም ዘግይቶ እንደሚመጣ ጽፈዋል። በመጀመሪያ የሚታየውን ምልክት ልብ ብለው ይመልከቱት። ባዶ ሣጥን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ በደኅና አለ፤ የጎደለው የግዕዝ ፊደላትን የያዘ ፎንት ነው። የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከሆነ ግን ፋይሉ ሲቀመጥ የግዕዝ ፊደላትን መያዝ የሚችለው ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) የተባለው የፊደል አመዘጋገብ ስላልተመረጠ ፊደላቱ ጠፍተዋልና ዋናውን ቅጂ መፈለግ ይኖርብዎታል። እኔ ራሴ ለእናቴ ብዬ አንድ ምሽት ሙሉ የተረጎምኩትን በዚሁ መንገድ አጥቼዋለሁ።

በዊንዶውስ ላይ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን ነፃ ፎንት ከጫኑ በኋላ የኮንትሮል (Ctrl) እና የፒ (P) ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው የማጫወቻውን ቅንብር ይክፈቱ፤ የግርጌ ጽሑፍን በሚመለከተው ክፍል ኢንኮዲንጉን (የፊደል አመዘጋገቡን) ዩቲኤፍ-8፣ ፎንቱን ደግሞ አቢሲኒካ አድርገው ያስቀምጡና ማጫወቻውን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። የፊደሉን መጠን ከፍ፣ የጠርዙንም መስመር ወፈር ቢያደርጉት እመክራለሁ፤ «ሕ»ን ከ«ሐ» የሚለየው ትንሽ ምልክት በብሩህ ምስል ላይ ከሩቅ አይለይምና።

መዘግየቱን ለማስተካከል ፊልሙ እየሄደ የጂ (G) ቁልፍን ይጫኑ፤ በእያንዳንዱ ጭነት ጽሑፉ በ50 ሚሊሰከንድ ይቀድማል፣ ስለዚህ አንድ ሰከንድ ለማካካስ 20 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። የኤች (H) ቁልፍ በተቃራኒው ያዘገየዋል። ልዩነቱ ፊልሙ በገፋ ቁጥር እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን ጽሑፉ የተዘጋጀው በሰከንድ የሚያልፈው የምስል ብዛት ለተለየ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ በመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ካለው የማመሳሰያ መስኮት የግርጌ ጽሑፉን ፍጥነት ይለውጡ።