ሌንሶቼን ሸጬ ወደ ሶኒ ልግባ?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የሰርግ ፎቶ አነሳለሁ። ካሜራዬ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ነው። 24-70፣ 70-200 እና 50 ሌንሶች አሉኝ። የሥራ ጓደኞቼ በሙሉ ሶኒ ይዘዋል። ‹ካኖን አልቆለታል፣ ሽጠህ ግባ› እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትሸጥ! እኔ ሸጬ አይቼዋለሁ። በ2008 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ) 5ዲ ማርክ 2 ወጣ። የፎቶ ካሜራ ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ ሲቀርጽ ሳይ አበድኩ። እሱን ለመግዛት ብዬ ሁለት ምርጥ የኒኮን ሌንሶቼን ለአንድ ነጋዴ በግማሽ ዋጋ ሰጠሁ። ዓመት ሳይሞላ ናፈቁኝ። መልሼ ልግዛ ብል ዋጋቸው አይቀመስም።

ኩባንያዎቹ የሚፎካከሩት በቦዲ (ያለ ሌንስ በካሜራው አካል) ይመስላል። አስረው የሚያስቀሩህ ግን በሌንስ ነው። የአንዱን ቤት ሌንስ ከያዝክ ቀጣዩን ቦዲም ከዚያው ትገዛለህ። ካኖን በ1987 ሌንሱ የሚገጥምበትን ቀለበት ቀየረ። የድሮው ሌንስ አዲሱ ላይ ስለማይገጥም የድሮ ሌንስ የነበረው ሁሉ ተናደደ። ግን የፎከሱን ሞተር ሌንሱ ውስጥ ስለከተተው ፍጥነት አገኘ፤ ስታዲየም ዳር እነዚያ ነጫጭ ሌንሶች የበዙት ከዚያ ወዲህ ነው። ኒኮን በበኩሉ የ1959ኙን ቀለበት ሙጭጭ ብሎ ያዘ። በ1999 ደግሞ ዲ1 የተባለውን ዲጂታል ካሜራ አመጣ። 2.7 ሜጋፒክሰል! ዛሬ ስልክህ ይስቅበታል። ዋጋው 5,500 ዶላር ገደማ ነበር፤ ያኔ ለኮዳክ ዲጂታሎች ከሚጠየቀው እጅግ ያነሰ። ለጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች የዲጂታሉን በር የከፈተው እሱ ነው።

ሶኒ በ2006 የኮኒካ ሚኖልታን የካሜራ ሥራ ገዝቶ ሲገባ ብዙዎቻችን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ቴሌቪዥን ሠሪ ምን ያውቃል አልን። በ2013 ኤ7 በተባለው ካሜራው ፉል ፍሬም ሴንሰርን (የድሮውን ፊልም የሚያክለውን ትልቁን ምስል ተቀባይ) መስታወት የሌለው ትንሽ ቦዲ ውስጥ አስገባ። ካኖንና ኒኮን በፉል ፍሬም ተመሳሳዩን ያወጡት በ2018 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሜዳውን ለቀውለት! በ2020 የአሜሪካው የዜና ወኪል አሶሺዬትድ ፕሬስም ወደ ሶኒ ዞረ። የጓደኞችህ ወሬ ከባዶ አልመጣም። ግን ካኖን አላለቀለትም፤ ሌንስ በሚቀየርላቸው ካሜራዎች ሽያጭ ዛሬም ከፊት ነው።

አንተ የጎደለህ ቦዲ ብቻ ነው። ያገለገለ አር6 (መስታወት የሌለው የካኖን ቦዲ) እና የካኖንን አዳፕተር (የድሮ ሌንስህን አዲሱ ቦዲ ላይ የሚያገጥመውን) ፈልግ። ሦስቱም ሌንሶችህ እንደ ድሮው ይሠራሉ፤ ፎከሱም የሙሽራዋን ዓይን ይከተላል። ካኖን ሌንስን ሶኒ ላይ የሚያስገጥም አዳፕተርም አለ። ሞክሬዋለሁ። ሰው ቆሞ ሲነሳ ምንም አይልም፤ ሙሽሮቹ እየጨፈሩ ሲገቡ ግን ፎከሱ ይዋልላል።

ሌላው ትርፍ ድምፅ ነው። ተክሊል ላይ የ5ዲህ ሻተር ቀጭ ቀጭ ሲል ቄሱ ዞር ብለው እንዳዩህ አልጠራጠርም። አር6 ጭጭ ይላል። ብቻ በድምፅ አልባው ሻተር አዳራሽ ውስጥ አታንሳ። በአንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ መስመር መስመር ይወጣል። እኔ አንድ ሙሉ የኬክ ቆረሳ እንደዚያ አበላሽቻለሁ፤ የሙሽራው እናት እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።

ለሶኒ ልፍረድለት፦ ቀለበቱን ለሌሎች ስለከፈተ ታምሮንና ሲግማ ረከስ ያሉ ጥሩ ሌንሶች ይሠሩለታል። ካኖን በአዲሱ ቀለበቱ እዚህ ላይ ቆጥቋጣ ነው። ከዜሮ የምትጀምር ብትሆን ኖሮ እኔም ሶኒ ግዛ እልህ ነበር።

የ5ዲህን ባትሪዎችም አትሽጥ፣ አር6 ላይ ይሠራሉ። ሲኤፍ የሚባሉት የፎቶ ማስቀመጫ ካርዶችህ ግን አይገቡም፤ ጥሩ ኤስዲ ካርድ ግዛ።