ሞተሩ ወርዶ ታደሰ፣ ሙቀቱ ግን ተመለሰ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ቪትዝ መኪናዬ ወደ አዳማ ልወጣ የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ጣቢያ ላይ ተሰልፌ ሳለሁ ከልክ በላይ ሞቀችብኝ። ገላን ወዳለ ጋራዥ አስጎትቼ «ሙቀቱን አስተካክልልኝ» ብዬ ሰጠሁት። መካኒኩ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታውም ጎብጧል፤ ሞተር መውረድ አለበት» አለኝ (ቴስታታ የሞተሩ የላይ ክዳን ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በክዳኑና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ)። በእጁ በጻፈልኝ ዝርዝር መሠረት ዕቃውን ከሶማሌ ተራ በ96,000 ብር ገዛሁ፤ የእጅ ዋጋውን 38,000 ብር በባንክ በግል ሒሳቡ አስገባሁለት። በ11ኛው ቀን ሙቀቱ ተመለሰ። ቃሊቲ ያለ ሌላ መካኒክ የራዲያተሩ (የሞተሩን ውኃ የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ፋን እንደማይሠራ አይቶ በ4,500 ብር ቀየረልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደህና ናት። የመጀመሪያው ግን «እኔ የሠራሁት ሌላ፣ የተበላሸው ሌላ» አለኝ። የወለቁትን አሮጌ ዕቃዎች በካርቶን አድርጎ ኮፈን ውስጥ ጥሎልኛል። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? ፖሊስ ጋ ልሂድ?

መልስ፦ ፖሊሱን እናስቀድም፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያ ስለሆነ። መካኒክ ተሳስቶ ሞተር ቢያወርድ ወንጀል አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የተመለከተው የአታላይነት ወንጀል ሆን ብሎ ማሳሳትን ይጠይቃል፤ ለምሳሌ ያልተቀየረን ዕቃ ተቀየረ ብሎ ማስከፈል። እርስዎ የጻፉልኝ ይህን አያሳይም። ጣቢያ ቢሄዱ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተብለው ይመለሳሉ፤ መላሹም አልተሳሳተም።

የእርስዎ ጉዳይ የውል ጉዳይ ነው። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ አያስፈራዎ፤ ለመኪና ጥገና ሕጉ የተለየ ፎርም አላዘዘም፣ በቃል የተደረገው ይጸናል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2610 እንዲህ ያለውን ውል ሲተረጉም ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ግዴታ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ «ሙቀቱን አስተካክልልኝ» ያሏት አጭር ቃል ከጠበቃ ክርክር ሁሉ ትበልጣለች። «ጓርኒሲዮን ቀይርልኝ» ብለው ቢሆን ኖሮ የታዘዘውን ቀይሯልና ክርክርዎ ይላላ ነበር። ያን ቃል ሲናገሩ ማን ሰማ? አብሮዎት የነበረ ሰው ካለ ዛሬውኑ ስሙንና ስልኩን ይያዙ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። «ፋኑ ተቀይሮ ዳነች፣ እንግዲያው ጓርኒሲዮኑ ደህና ነበር» ብለው የደመደሙ ይመስለኛል። ይህ አይከተልም። ፋን ሳይሠራ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ይግላል፤ የጋለ ሞተር ደግሞ ቴስታታ ያጎብጣል፣ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። መካኒኩ ያየው ቃጠሎ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያላየው መነሻውን ነው። መኪናዋ የሞቀችው ሰልፍ ላይ ቆማ መሆኑ ራሱ ፋኑን የሚያስጠረጥር ነበር፤ እየሮጠች ቢሆን ነፋሱ ያግዛታል። እኔ ብሆን ፍርድ ቤት መካኒኩን የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሞተሩን ከማውረድህ በፊት ፋኑ እንደሚዞር አይተሃል ወይ?» የሚል ነው።

ከዚህ ሁለት የተለያዩ ክሶች ይወጣሉ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ያልተቃጠለ፣ ቴስታታውም ያልጎበጠ ከሆነ ሥራው ከነጭራሹ አላስፈለገም፤ የእጅ ዋጋውንም የዕቃውንም ወጪ መጠየቅ ይችላሉ። በእውነት ተቃጥሎ ከነበረ ግን ጥገናው ለማንኛውም የማይቀር ነበርና 134,000 ብሩን በሙሉ የሚፈርድልዎ ዳኛ ያለ አይመስለኝም። ያን ጊዜ ጥያቄዎ መነሻውን ባለማየቱ የደረሰብዎትን ብቻ ይመለከታል፦ የፋኑ ወጪ አይደለም፣ እሱ ያው ይወጣ ነበር፤ ዳግመኛ ሙቀቱ አዲሱን ጓርኒሲዮን ጎድቶት ከሆነ ያ ጉዳት ነው። ሳያስመረምሩ «ደህና ናት» ማለቱን ለጊዜው ይተዉት።

የቃሊቲው መካኒክ ያየውን በጽሑፍ ይስጥዎ፤ ቀኑን፣ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ፋኑ ሲደርሰው በምን ሁኔታ እንደነበር። የወጣውም ፋን አይጣል። እሱ ግን ሥራ የወሰደ ተፎካካሪ ነው ይባላል፣ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። ቴስታታው ተስተካክሎ የመጣው ከቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን ከሚያስተካክል ቤት) ከሆነ ግን ያ ሰው ከሁለቱም ወገን የለበትም፤ ምን ያህል ጎብጦ እንደመጣለት ይጠይቁት። በእጅ የተጻፈው የዕቃ ዝርዝር መካኒኩ ምን እንደመረመረ፣ የባንኩ ማስረጃ ማን እንደተቀበለ ይናገራሉ። ገንዘቡ በግል ሒሳብ መግባቱ ጋራዡ «አላውቅም» እንዲል በር ይከፍታልና ዝርዝሩ ላይ የጋራዡ ማኅተም ወይም ስም ካለ ተመስገን ነው።

ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 ይህን ይጠይቃል፤ በጽሑፍ ይሁን። ምን እንደጎደለ፣ ምን እንደሚጠይቁ፣ በስንት ቀን ምላሽ እንደሚጠብቁ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ሲሰጡ በቅጂው ላይ ያስፈርሙ፤ እምቢ ካለ በምስክር ፊት ይስጡ። ፋኑን ቀድመው ማስቀየርዎ «ዕድል ሳትሰጠኝ» የሚል መከራከሪያ ይሰጠዋል፤ የምትሞቅ መኪና ይዘው መንዳት ግን ጉዳቱን ያባብሰው ነበርና መልስ አለዎት።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ፤ ለንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ማለት ያስችላል። አዋጁ ሸማች የሚለው ግን ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የገዛን ነው። መኪናዋን በጥሪ ታክሲ ያሠሩባት ከሆነ በዚህ መንገድ አይተማመኑ።

ቦታውም ቀላል አይደለም። እርስዎ አዲስ አበባ፣ ጋራዡ በኦሮሚያ ሸገር ከተማ ነው፤ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ሁለታችሁ በተለያየ አስተዳደር ነዋሪ መሆናችሁ ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን ጥያቄ ያስነሳል። በተሳሳተ ፍርድ ቤት የተከፈተ መዝገብ ወራት ይበላል፤ ከዚህ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። እኔ ብመከር ግን በአካባቢው በሽማግሌ አስቀድሜ እሞክር ነበር፦ የእጅ ዋጋው ግማሽ ቢመለስ መጥፎ ዕርቅ አይደለም። ከተስማማችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ገንዘቡን ሳይቀበሉ አይፈርሙ።

ካርቶኑ ግን ኮፈን ውስጥ አለ ብለውኛል። ያውጡት። ጓርኒሲዮኑን አይጠቡት፣ አይጥረጉት፤ ካርቶኑን እንዳለ ፎቶ አንስተው በላስቲክ ጠቅልለው ቤት ያስቀምጡት፤ ከሁለቱም ጋራዦች ውጭ የሆነ ባለሙያ ካርቶኑን በእርስዎ ፊት ይክፈተው።