ብሩስኬታ ቤት ውስጥ፦ ዳቦው ለምን ይላሽቃል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ፒያሳ ሬስቶራንት በልተሽ የወደድሽውን ብሩስኬታ (ቲማቲም የሚጫንበት የጣሊያን ጥብስ ዳቦ) ቤት ስትሠሪው ዳቦው ላሸቀ፣ ነጭ ሽንኩርቱ መረረ፣ ኦቨንም የለኝም ነው ያልሽው። ዓርብ እንግዳ ስላለብኝ ቶሎ መልሱልኝም ብለሻል። እዚሁ ጎንደር ሆቴል ወጥ ቤት ሠርቻለሁ፣ ይህን ምግብ ለቱሪስትም ለሙሽራም አውጥቻለሁ። ኦቨኑን ተይው፣ አያስፈልግሽም።

እኛ ቲማቲም ስንከትፍ እጃችን የለመደው ፍትፍት ነው። ፍትፍት የሚጥመው ውሃው እንጀራው ውስጥ ሲገባ ነው። ብሩስኬታ ላይ ግን ውሃው ጠላት ነው። ዋናው ዳቦው ነው፤ ቲማቲሙ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። መካከለኛው ጣሊያን ውስጥ ወይራ ተጨምቆ አዲስ ዘይት ሲወጣ፣ ዳቦ ፍም ላይ ጠብሰው ነጭ ሽንኩርት ያሹበትና ዘይቱን አፍስሰው ይቀምሱታል። ቶስካና ውስጥ ይኸው ያለ ቲማቲም ፌቱንታ እየተባለ እስከ ዛሬ ይበላል። ቲማቲም ራሱ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ዳቦው ካልተሳካልሽ የፈለገ ቲማቲም ቢሆን አያድንሽም።

ትኩስ ፉርኖ እንዳትገዢ። ያደረ ይሁን። ትኩሱ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ ላዩ ጠቁሮ ልቡ ሊጥ ይሆንብሻል። ተቆራርጦ በላስቲክ የሚሸጠውን ለስላሳ ዳቦም ተይው፣ ገና ዘይቱ ሲነካው ይሟሟል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ምርጫዬ ያደረ ድፎ ነው። ልቡ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅርፊቱ ወፍራም፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል። ጥቁር አዝሙድ ቢኖረውም አይጎዳም። በጣት ውፍረት ቁረጪው። ከዚያ ካሳሳሽው ይሰበራል፣ ካወፈርሽው ለመንከስ ያስቸግራል። ፉርኖ ከሆነ በሰያፍ ቁረጪው፣ ሰፋ ያለ ቁራጭ ይወጣልሻል።

አጠባበሱ ላይ ከሰል የሚያህል የለም። ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቂ፤ ፍሙ አመድ ሲለብስ ፍርግርግ ሽቦ ጣል አድርጊበትና ዳቦውን ያለ ምንም ዘይት ደርድሪ። ሁለቱም ፊት የሽቦው መስመር እስኪወጣበት፣ ጠርዙ ትንሽ እስኪጠቁር። ከሰል ከሌለሽ ደረቅ መጥበሻ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ምጣድም ይሠራል፣ ግን እናትሽ ሳታይ! ምጣዷ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ያገኘች እናት ምን እንደምትል ጎንደር ያደገ ሰው ያውቃል።

ነጭ ሽንኩርቱ የመረረሽ ዘይት ውስጥ ስላቁላላሽው ነው። ትንሽ ካረረ መራራ ነው፣ መመለሻ የለውም። እሳት አታሳይው። አንድ ፍልቃቂ ላጪና ጫፉን ቆርጠሽ፣ ዳቦው ከፍሙ እንደወረደ፣ እጅሽን እያቃጠለሽም ቢሆን፣ ዳቦውን በፍልቃቂዋ እሺው። የተጠበሰው ፊት ሻካራ ስለሆነ ሽንኩርቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ድምፁ ይሰማሻል፣ ፍልቃቂዋ እጅሽ ላይ እያነሰች ትሄዳለች፣ ሽታው ከትኩሱ ዳቦ ጋር ቤቱን ይሞላዋል። የእኛው ትንንሹ ነጭ ሽንኩርት ኃይለኛ ነው፣ በአንድ ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ማሸት ይበቃል። ዳቦው ከቀዘቀዘ በኋላ ብታሺው ይህን ሽታ አታገኚም።

ወደ ቲማቲሙ እንምጣ። ከፎገራ በኩል ከሚመጣው ሞላላውን ምረጪ፤ ሥጋው ብዙ፣ ውሃው ትንሽ ነው። ቀይና በደንብ የበሰለ፣ ግን ስትጫኚው የማይፈርስ። ፍሪጅ አታስገቢው፤ ቅዝቃዜ የቲማቲምን መዓዛ ይገድለዋል፣ የጎንደር አየር ደግሞ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ይቆይልሻል። ለስምንት ቁራጭ ዳቦ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ለሁለት ሰንጥቀሽ ፍሬውንና ውሃውን በማንኪያ አውጪው (አትድፊው፣ ለስልስ ይሆናል)። ሥጋውን በትንንሹ ከትፈሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሺና ፓስታ ማጥለያ ላይ ለ20 ደቂቃ ተይው። ጨው ውሃውን ይስበዋል። ከሥር ያስቀመጥሽውን ሳህን ስታዪ፣ ያ ሁሉ ዳቦሽ ውስጥ ሲገባ እንደነበር ይገባሻል። የሬስቶራንቱ ምስጢር የምትዪው ይኸው ነው።

ውሃው ከጠለለ በኋላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ጨምሪ። ቀይ ሽንኩርት አትጨምሪ፣ ሰላጣ ይሆንብሻል። ቃሪያ ካማረሽ በጣም አድቅቀሽ ትንሽ፤ እኔ አልቆጣሽም። ቲማቲሙ ጣዕም ካጣ ሁለት ጠብታ አቼቶ ያነቃዋል። ያ ሬስቶራንት ላይ በመስመር የሚያፈሱት ጥቁር ጣፋጭ ነገር ባልሳሚክ የሚሉት አቼቶ ነው፣ ለጌጥ ነው፣ ገንዘብሽን አታባክኚ።

ቅጠሉ የጣሊያን ባሲል ነው። ካላገኘሽ የእኛው እርጥብ በሶብላ ዘመዱ ነው፣ ግን ሽታው ይበረታል፤ ለግማሽ ኪሎው ሦስት አራት ቅጠል በእጅሽ ቀንጥሰሽ በመጨረሻ ጣል አድርጊ። ደረቁን ለሽሮ ተይው። ጤና አዳም ግን እንዳትሞክሪ፣ ከቡና ጋር ይኑር።

ዘይቱ ላይ ተጠንቀቂ። ሱቅ ውስጥ ለፀጉርና ለቆዳ ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ የወይራ ዘይት አለ፤ ለምግብ የሚል ካልተጻፈበት አትንኪው። ኤክስትራ ቨርጅን የሚለውን ትንሹን ጠርሙስ ግዢ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። አትጥበሺበት፣ መጨረሻ ላይ ብቻ አፍስሺው፣ ከብርሃን አርቀሽ አስቀምጪው፣ ይቆይልሻል። ከሌለ ደህና የሰሊጥ ዘይት ጣዕሙ ሌላ ቢሆንም ይበላል። የሚረጋው ዘይት ግን በፍጹም! በጎንደር ብርድ ዳቦው ላይ ረግቶ ላንቃሽ ላይ ይጣበቃል።

ለዓርቡ እንግዳ ደግሞ አትጨነቂ፣ አይብ እስካልጨመርሽበት የጾም ነው፤ ዳቦው ወተት ወይም ቅቤ እንዳልገባበት ብቻ ጠይቂ። ቲማቲሙን ቀደም ብለሽ ከትፈሽ አጥልዪው። ዳቦውን ግን እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ጥበሺ። አስቀድመሽ ጭነሽ ትሪ ላይ ከደረደርሽው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ ድሮው ችግርሽ ትመለሻለሽ። እኔ ቤቴ ሰው ሲመጣ ቲማቲሙን በሳህን ከማንኪያ ጋር መሐል አስቀምጣለሁ፣ ዳቦው ከፍሙ እየወረደ ይመጣል፣ ሁሉም የራሱን ይጭናል። ከሰሉን ደጅ አድርጊው፣ ቤት ዘግተሽ እንዳታቀጣጥዪ።