መኪናው የማን ነው? ካርታውስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ አገልጋዮችና ስለ ገንዘብ

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያለች የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። ምእመናን አዋጥተን ለመጋቢያችን መኪና ገዛን። አሁን ግማሹ “ይገባዋል” ይላል፣ ግማሹ ደግሞ “አገልጋይ ሀብታም መሆን የለበትም” ብሎ ኩርፊያ ላይ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ምን ይላል?

መልስ፦ መጽሐፍ ቅዱስ አገልጋይን “ደኽይ” ብሎ አያዝም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥3 መሪው “ገንዘብን የማይወድ” እንዲሆን ይፈልጋል፤ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 5 ደግሞ በመስበክና በማስተማር የሚደክሙት እጥፍ ክብር እንደሚገባቸው፣ ለሠራተኛም ደመወዙ እንደሚገባው ተጽፏል። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ይህን መብት እያለው አልተጠቀመበትም፤ የፊልጵስዩስ ሰዎች የላኩለትን ግን በምስጋና ተቀብሏል። ስለዚህ “ይገባዋል፣ አይገባውም” በሚለው ክርክር ከቀጠላችሁ ሁለታችሁም ጥቅስ አታጡም፤ አትስማሙምም።

ይልቅ ሊብሬው በማን ስም እንደ ወጣ ጠይቁ። መኪናው ለአገልግሎት ከተገዛ ሊብሬው በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ይውጣ፤ ነዳጁን፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን ቤተ ክርስቲያኒቱ ትክፈል፤ መጋቢው ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድም ቁልፉን ያስረክብ። የግል ስጦታ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ለዚሁ ብቻ ተብሎ የተሰበሰበ መሆን አለበት። ከአስራት ከተነሣ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የበጀት ውሳኔ ይሆናል። በስሙ ከዞረ በኋላ ወጪው የእሱ ነው። ጠብ የሚነሣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው፦ ሊብሬው የእሱ፣ ነዳጁ የቤተ ክርስቲያን። ወይም ሊብሬው የቤተ ክርስቲያን ሆኖ ሁሉም በልቡ “የመጋቢው ነው” ይላል፤ ይህ የሚታወቀው በመለያየት ቀን ነው።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ስለ ጥቅሙ ሲመከር መጋቢውም ባለቤቱም ከስብሰባው ይውጡ። ከመዋጮው በፊት አንድ ነገር ማየት ነበረባችሁ፤ አሁንም አልረፈደም። የጥበቃውና የወንጌል ሰባኪው ደመወዝ ስንት ወር ሳይከፈል ቆይቷል? የእነሱ ውዝፍ እያለ ለአንዱ መኪና መግዛት ትክክል አይደለም።

የችግሩ ሥር ግን ብዙ ጊዜ ደመወዝ ነው። በከተማዋ ዳር ያሉ አዳዲስ አጥቢያዎች ለመጋቢ የቤት ኪራይ እንኳ የማይሸፍን ገንዘብ ይመድቡና የቀረውን ከምእመናን እጅ በሚሰጥ ስጦታ ይሙላ ይላሉ። ያን ጊዜ ማን እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ሳይፈልግም ቢሆን የሚሰጠውን ቤት ቶሎ ቶሎ ይጎበኛል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ወደ ፊት ወንበር፣ ድሃውን ወደ እግር መረገጫ ስለሚልከው አድልዎ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ደመወዙን ስትወስኑ የአካባቢውን የቤት ኪራይ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያና የትራንስፖርት ወጪውን አንድ በአንድ ጽፋችሁ ደምሩ፤ በየዓመቱም ከልሱ። የሥራ ግብሩ ተቀንሶ ለገቢዎች መግባት አለበት። “መንፈሳዊ አገልግሎት ስለሆነ” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ አካባቢ ኅብረታችን ቦታ ገዝቶ በቆርቆሮ አዳራሽ ሠርቷል። የቦታው ወረቀት በመሪያችን ስም ነው። እሱ ታማኝ ሰው ስለሆነ ማንም አልተጨነቀም። እኔ ብቻ ነኝ የፈራሁት?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ የእሱ ታማኝነትም ከዚህ አያድናችሁም። መሪው ነገ ቢያርፍ ቦታው ለወራሾቹ የውርስ ንብረት ሆኖ ይታያል። ባለትዳር ከሆነ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ተብሎ ስለሚገመት ባለቤቱም ድርሻ ልትጠይቅ ትችላለች። የግል ዕዳ ካለበት አበዳሪ ሊያሳግደው ይችላል። አንዱም የእሱ ጥፋት ላይሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ወረቀቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ። ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ ከሆነ ስም ከመቀየራችሁ በፊት ሌላ ችግር አለባችሁ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ምስክርና ጣት ያለበት ወረቀት ይህን አይተካም። በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ በቆርቆሮ የጀመራችሁትን በብሎኬት አትቀጥሉ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለሃይማኖት ተቋማት የአምልኮ ቦታ በምደባ የሚሰጥበትን መንገድ አስቀምጧል፤ ኅብረቱ ሕጋዊ ሰውነት ካገኘ ወይም በተመዘገበ ቤተ እምነት ሥር ከታቀፈ ማመልከት ይችላል። ካርታ ካለ ደግሞ መሪው በሕይወትና በፈቃደኝነት ሳለ ወደ ተቋሙ ስም ይዛወር። “ጊዜው ሲደርስ እናዞራለን” ካለ ቀኑን በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።

ጥያቄ፦ ሰበታ በሚገኝ የኦርቶዶክስ ደብር የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ሙዳየ ምጽዋት ሲቆጠር ሁልጊዜ ሐሜት አለ። እንዴት ብንቆጥር ይቀራል?

መልስ፦ ከየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በፊት ብዙ አድባራት የሚኖሩት በመሬት ነበር። መሬቱ ሲወሰድ ኑሯቸው በምእመናን እጅ ላይ ወደቀ፦ ሙዳየ ምጽዋት፣ ስለት፣ የአባልነት ክፍያ፣ በክብረ በዓል ጥላ ዝቅዝቃ (ጥላ ተዘቅዝቆ የሚሰበሰብ ገንዘብ)። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ (የቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ) ሰበካ ጉባኤ የተቋቋመው ካህናትና ምእመናን አብረው እንዲያስተዳድሩ ነው። ስለዚህ ምእመናን የሌሉበት ቆጠራ ከመጀመሪያው ጎደሎ ነው።

መሠረቱ 2ኛ ነገሥት 12 ላይ አለ። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ መክደኛውን ነደለው፤ ሲሞላም የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን አብረው ቆጠሩ። ቁጥር 15ን ጠቅሰው “በታማኝነት የሚሠሩትን አይቆጣጠሩአቸውም ነበር” የሚሉ አስተዳዳሪዎች ይኖራሉ። ያ የተባለው ግን ገንዘቡ በሁለት ሰው ተቆጥሮ ከተሰጠ በኋላ፣ ለሠራተኞች ስለሚከፈለው ነው።

ሙዳዩ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ ሌላው በምእመናን ተወካይ እጅ ይሁን። ቆጣሪዎች ቢያንስ ሦስት፣ በመካከላቸው ዝምድና የሌለ፣ በየሁለትና ሦስት ወሩ የሚቀያየሩ ይሁኑ። ብሩ በዓይነቱ ተለይቶ (ባለ 200 ስንት፣ ባለ 100 ስንት፣ ሳንቲሙ ስንት እየተባለ) በሦስት ኮፒ ይመዝገብ፤ ሁሉም ይፈርሙ። በማግስቱ ሳይነካ ባንክ ይግባ፤ የባንኩ ደረሰኝ ከቆጠራ ወረቀቱ ጋር ይያያዝ። “ሳይነካ” የሚለው ላይ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነው። ለዕጣን፣ ለጧፍ፣ ለመብራት ተብሎ ከቆጠራው በፊት ጥቂት ይነሣል፤ ሁሉም ይስማማል፤ ከዚያ በኋላ የባንኩና የቆጠራው ቁጥር መቼም አይገጥምም። ለጥቃቅን ወጪ በቼክ የሚወጣ፣ በደረሰኝ የሚወራረድ ለብቻው መድቡ።

ጥላ ዝቅዝቃው ከባድ ነው፤ ሕዝብ ይበዛል፣ ይመሻል። እያንዳንዱ ጥላ ሁለት ያዢ ይኑረው፤ ገንዘቡ ወዲያው ማኅተም ባለው ከረጢት ይታሰር፤ ቆጠራው ለማግስቱ ይደር። በማይክሮፎን የሚነገረው የአንድ ግለሰብ የቴሌብር ቁጥር ከሆነ ደግሞ ያን ዕለት አስቁሙ። ገንዘቡ የሚገባው በደብሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ቁስጥንጥንያ ላይ ጳጳስ ሆኖ ሲሾም የጳጳሱን ቤት ወጪ መረመረ፤ ቀንሶም ለሕሙማን ቤት አዋለው። ሒሳቡ መታየቱ ሥልጣኑን አላዋረደውም፤ ለአስተዳዳሪያችሁም ይህን በአክብሮት መንገር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ቡራዩ። መድረክ ላይ “ይህን ያህል ገንዘብ ዝሩ፣ ትፈወሳላችሁ” ይባላል። እናቴ የዕቁብ ገንዘቧን ልትሰጥ ነው።

መልስ፦ አትስጥ። ኤልሳዕ ንዕማን ከለምጽ ከነጻ በኋላ ያቀረበለትን እጅ መንሻ አልተቀበለም፤ ተከትሎ ሄዶ የተቀበለው ሎሌው ግያዝ ነው፤ ለምጹም በእሱ ላይ ተጣበቀ (2ኛ ነገሥት 5)። ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲያስብ ጴጥሮስ የመለሰለትንም በሐዋርያት ሥራ 8 ያንብቡላቸው። እናትዎን ግን በክርክር አይግጠሟቸው፤ ሕመም ካለባቸው ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው፣ ዕቁቡም ለሕክምናው ይሁን። ጸሎት የሚፈልጉ ከሆነ ያለ ክፍያ የሚጸልዩላቸው አገልጋዮች አሉ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ። ለንስሐ አባቴ በእጃቸው ገንዘብ መስጠት ነውር ነው?

መልስ፦ ነውር አይደለም። የእርስዎ ስጦታ ለእሳቸው ኑሮ ከሆነ “ይህ የእርስዎ ነው” ብለው በግልጽ ይስጡ። አስራት ወይም ስለት ከሆነ ግን በእሳቸው እጅ አይላኩ፤ ራስዎ ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ከፍለው ደረሰኝ ይውሰዱ። ሁለቱን በአንድ ፖስታ አድርገው ከሰጧቸው የትኛው የየትኛው እንደሆነ እሳቸው ራሳቸው ለመለየት ይቸገራሉ።