ሄሊኮፕተር አብራሪ ጀኔራል ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ታናሽ ወንድሜ ካናዳ አድጎ በዚያ አገር አየር ኃይል ሻምበል ሆኗል፤ የሚያበረው ሄሊኮፕተር ነው። ለፋሲካ መጥቶ ሠንጋ ተራ ሥጋ ቤት ተቀምጠን ሳለ አባባ «ተዋጊ ጄት ያላበረረ ጀኔራል አይሆንም!» ብለው በአንድ ኪሎ ቁርጥ ተወራረዱ። ማን ይክፈል? ደግሞስ እንግሊዞቹ «ኤር ማርሻል» ሲሉ ካናዳዎቹ ለምን እንደ እግረኛው «ሌተና ጀኔራል» ይላሉ?
እህቱ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ማኪያቶዬን ይዤ ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። ደብረ ዘይት የሄሊኮፕተር ቴክኒሺያን ሳለሁ የሚግ አብራሪዎቹ የእኛን ኤምአይ-8 «ወፍጮ ቤት» ይሉት ነበር። አባትሽም የእነሱ ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም።

ለማንኛውም ተረትተዋል። ሌተና ጀኔራል ሻርል ቡሻር የሚባሉ፣ ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት የካናዳ ግዛት ከኩቤክ የተገኙ ሰው አሉ፤ የቺኩቲሚ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሠራዊቱን ተቀላቀሉ፤ ሙያቸው ሄሊኮፕተር ማብረር ነበር። ዊኒፔግ ያለውን የአየር ዲቪዚዮን አዘዙ፤ ቀጥሎም የኖራድ ምክትል አዛዥ ሆኑ። ኖራድ ካናዳና አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሰሜን አሜሪካን ሰማይ በጋራ የሚጠብቁበት ዕዝ ነው፤ አዛዡ አሜሪካዊ፣ ምክትሉ ካናዳዊ ነው። ከዚያ ወደ ጣሊያን፣ ናፖሊ ወዳለው የኔቶ ዕዝ ተዛወሩ። በመጋቢት 2003 በእኛ አቆጣጠር የሊቢያው ዘመቻ ሲመጣ አዛዥ የተደረጉት እኚሁ ሰው ናቸው። እስከ ጥቅምት 2004 ድረስ ከ26,000 በላይ የበረራ ምልልስ በእሳቸው ዕዝ ሥር ተካሄደ። (ስለ ዘመቻው ያለኝን ለሌላ ቀን ላቆየው፤ የአፍሪካ ኅብረት እዚሁ ከተማችን ሆኖ ድርድር ይቅደም ሲል እንደነበር ግን አልረሳሁም።)

እንግዲህ ያን ሁሉ ጄት ያዘዙት «ወፍጮ ቤት» ያበረሩ ሰው ናቸው። እዚያ ደረጃ የደረሰ መኮንን ኮክፒት ውስጥ አይገባም። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የትኛው ዒላማ ይመታ፣ የትኛው ይቅር፣ ነዳጅ የሚያድለው አውሮፕላን የት ይጠብቅ፣ የማን አገር መንግሥት ምን አልፈቀደም እያለ ነው የሚያድረው።

ወንድምሽን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። እስከ ሻምበልነት በአብዛኛው ጊዜና ኮርስ ያደርሳሉ። ከሻለቃ ጀምሮ ግን ቦርድ ተቀምጦ ፋይሉን ከእኩዮቹ ፋይል ጋር ያስተያያል። ሻለቃ ሲሆን ቶሮንቶ ወዳለው የጦር ኮሌጅ የመላክ ዕድል ካገኘ አያቅማማ። ሌተና ኮሎኔል ስኳድሮን (አንድ የበረራ ጓድ) ያዛል፣ ኮሎኔል ደግሞ ዊንግ (ስኳድሮኖችን የሚይዘውን ክፍል)። ከዚያ በላይ ወንበሩ እያነሰ ይሄዳል፤ አየር ኃይሉን በጠቅላላ የሚያዝዘው አንድ ሌተና ጀኔራል ነው። ደግሞ ፈረንሳይኛውን ይጠይቁታል! ሁለቱን የሥራ ቋንቋ አጣርቶ የማያውቅ መኮንን ላይኛው በር ላይ ይቆማል። ቡሻርን እናታቸው በዚህ በኩል ረድተዋቸዋል፤ ወንድምሽ ግን ከአሁኑ ደብተር ይግዛ።

የማዕረጉ ነገር አጭር ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1968 እግረኛውን፣ ባሕር ኃይሉንና አየር ኃይሉን አንድ ሠራዊት አድርጋ ስትጠቀልል «ኤር ማርሻል» የሚለው አብሮ ቀረ። «የካናዳ ንጉሣዊ አየር ኃይል» የሚለው ስም በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2003፣ ቡሻር ናፖሊ ሳሉ ተመለሰ፤ የጀኔራሎቹ ማዕረግ ግን እንደነበረ ቀጠለ። የእኛም አየር ኃይል ጀኔራል ነው የሚለው፤ ምንም አልጎደለብንም።

ለአባትሽ አንድ ነገር ልጨምርላቸው፣ ፊታቸው እንዳይጠቁር። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2015 የካናዳ ጦር ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጀኔራል ቶም ሎሰን ተዋጊ ጄት አብራሪ ነበሩ፤ ስታርፋይተርም ሲኤፍ-18ም አብርረዋል። ስለዚህ «ጄት አብራሪም ይሆናል» ቢሉ ኖሮ እኔም ከጎናቸው በቆምኩ። ያሉት ግን «ያላበረረ አይሆንም» ነው። ኪሎውን ይክፈሉ፤ አዋዜውን ወንድምሽ ይቻል።