በሰኔ በረዶው ያልለቀቀውን ተራራ ስለ መውጣት፦ ለሐረሩ ጠያቂያችን

ከሐረር የጻፉልን ወንድማችን በሰኔ መጀመሪያ ዴንቨር ወደሚኖሩት እህታቸው እንደሚሄዱ፣ እዚያ ሳሉም የኮሎራዶን ከፍተኛ ተራራ ኤልበርትን ለመውጣት እንዳሰቡ፣ ነገር ግን «በረዶው ገና አልቀለጠም» ስለተባሉ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዴንቨር ስድስት ዓመት ኖሬ የተመለስሁ ሰው ነኝ። ኤልበርትን ሁለት ጊዜ ሞክሬ አንድ ጊዜ ጫፉ ደርሻለሁ፤ ሁለቱም በሰኔ ነበር። ይቻላል፤ ነገሩን የሚወስነው ግን የተራራው ቁመት ሳይሆን በረዶውን የሚረግጡበት ሰዓት ነው።

ስለ ቁመቱ ብዙ አልልም። ኤልበርት 4401 ሜትር ስለሆነ የእኛው ራስ ዳሽን ይበልጠዋል። ልዩነቱ ኤልበርት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 39 ዲግሪ ላይ መገኘቱ ነው፤ በብርዱ ወራት የተከመረው በረዶ ለእኛ ድሬዎች ሙቀቱ በሚበረታበት በሰኔም ገና ቀልጦ አያልቅም። እርስዎ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚኖሩ ከእኛ ከ1200ዎቹ ሰዎች ትንሽ ይሻልዎታል፤ ቢሆንም ከዴንቨር በቀጥታ አይሂዱ። 3100 ሜትር ግድም ላይ ባለችው በሌድቪል ከተማ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደሩ፤ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። መንገድ ላይ ራስ ምታቱ እየባሰ ማስመለስ ከጀመረዎት መድኃኒቱ ወዲያውኑ መውረድ ነው።

ወደ በረዶው ስመለስ፣ አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውንም፣ ተራራ ላይ የተኛውንም «በረዶ» ስለሚለው፣ እኔም ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራዬ ከዴንቨር ጠዋት ተነሥተን ጉዞውን የጀመርነው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። ከሦስት ሰዓት ጉዞ በኋላ ገና ከጫካው በላይ ብቅ እንዳልን ደመናው መጠራቀም ስለጀመረ ተመለስን። መከራው የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ጠዋት እንደ ሲሚንቶ የተሸከመን በረዶ ፀሐይ ሲያገኘው ላልቶ፣ በየእርምጃው እስከ ጉልበት መስጠም ጀመርን። በደረቁ የድሬዳዋ ወንዝ፣ በደቻቱ አሸዋ ላይ የሮጠ ሰው ድካሙን በከፊል ያውቀዋል፤ የደቻቱ አሸዋ ግን ከስሩ ባዶ አይደለም። ከወደቀ ግንድ አጠገብ ስረግጥ በረዶው ከታች ቀልጦ ክፍተት ኖሮ እስከ ታፋዬ ገባሁ፤ እግሬም ከግንዱ ስር ተቀረቀረ። ጓደኛዬ በእጁ እየቆፈረ እስኪያወጣኝ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። የቆፈረው ጉድጓድ ውስጡ ሰማያዊ ነበር፤ ምን ያህል ውብ እንደሆነ ማየቴ ዛሬም ይገርመኛል። የለበስሁት ጂንስ ግን ርሶ ነበርና ደመናው ፀሐይዋን ሲጋርዳት እንደ ቆርቆሮ ደረቀብኝ።

ልብ ይበሉ፣ ይህ የሆነው ጫፉ ላይ ሳይሆን ጫካው ውስጥ ነው። ከዛፎቹ በላይ ያለውን ሸንተረር ነፋስ ስለሚጠርገው ብዙ ቦታ ድንጋዩ ይታያል፤ ጥላ ያለበት ጫካ ግን በረዶውን ያቆያል፣ መንገዱንም ይሸፍናል። የሌላውን ሰው ዱካ አምነው አይከተሉ፤ እርሱም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ካርታውን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልኩን የውስጥ ኪስ ውስጥ ይያዙት።

በሁለተኛው ዓመት ሌድቪል አድረን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጉዞ ጀመርን (ሰዓቱን የምጠራው እንደ እኛ አቆጣጠር ነው፤ እዚያ 4 ይሉታል)። በረዶው እንደ ጥሬ ጨው ከእግራችን ስር እየተንኮሻኮሸ ተሸከመን፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ጫፉ ላይ ነበርን፣ ሳይላላም ጫካውን አልፈን ወረድን። ሌላው ምክንያት መብረቅ ነው፦ በዚያ ወቅት ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ሲሆን፣ ከዛፎቹ በላይ መጠለያ የለም። ስለዚህ የትም ይድረሱ የት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ሲሆን ይመለሱ፤ ጫፉ በዓይንዎ እየታየዎት ቢሆንም እንኳ።

ከዕቃ ሁሉ ያለ እርሱ አይሂዱ የምለው ከጫማ ላይ እንደ ጎማ ሰንሰለት የሚጠለቀውን ባለጥርስ ብረት ነው፤ ማይክሮስፓይክ ይሉታል። ሁለት ምርኩዝ፣ የሱፍ ካልሲና ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ ይጨምሩ። ጥቁር መነጽርን እንደ ጌጥ አይዩት፤ በረዶው ጨረሩን ወደ ላይ ስለሚመልሰው ዓይን ይቃጠላል፤ እኔ የአገጬ ስርና የአፍንጫዬ ቀዳዳ ሳይቀር ተልጦ ነበር። ወጣቶች ቁልቁለቱን በመቀመጫቸው ሲንሸራተቱ ያያሉ፤ የበረዶ መጥረቢያ ይዞ ራሱን ማቆም ያልተለማመደ ሰው ግን ከታች ያለው ድንጋይ ነው የሚያቆመው።

እስከዚያው ጉልበትዎን ለማጠንከር ከ3300 ሜትር በላይ የሆነው ጋራ ሙለታ በቂ ነው፤ ቁንዱዶም ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ነው። የጫማዎ ቁጥር 42 ከሆነ የእኔ ባለጥርስ ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ሥራ ተቀምጧል፤ ወደ ድሬ ሲወርዱ ይውሰዱት።